ሥዕሉ የማን ነው? ከባሕር ዳር የሥዕል ክፍል የሥራ ማስታወሻ

የካቲት መጨረሻ፤ ክፍሉ

ክፍሉ ተገኘ። ሽምብጥ ሰፈር፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ ያለ ሰርቪስ ቤት ነው። ስፋቱ አራት ሜትር በአምስት ግድም። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል። ኪራዩ በወር 4,000 ብር፣ በቅድሚያ የሚከፈል። አከራይዋ እማማ ምን ልንሠራበት እንደሆነ ጠየቁን። «ሰዎች እየመጡ ሥዕል ይሥላሉ» አልናቸው።

«ሥዕል ብቻ? ሙዚቃ፣ ጭፈራ የለም?»

«የለም እማማ።»

«እንግዲያው ይሁን። ግድግዳዬን ብቻ እንዳታበላሹብኝ።»

ዝም አልን። ግድግዳው ላይ ዓይናችንን ከጣልን ቆይተናል።

ሥራው የሦስት ሰዎች ነው። እኔ የሥዕል መምህር ነኝ። ሲስተር የአእምሮ ጤና ነርስ ናት፤ ከሥራ ስትወጣና ቅዳሜ ትመጣለች። ሦስተኛው ሶሻል ወርክ ያጠና ልጅ ነው፤ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር የማይሰለቸው። የሚመጡት ከቀያቸው ተፈናቅለው ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይተው ወይም ዘመድ ተጠግተው የሚኖሩ እናቶችና ልጆች ናቸው። ረቡዕ ከሰዓት ልጆች፣ ቅዳሜ ጠዋት እናቶች። የሰፈሩ ልጆችም በር ላይ መሰብሰባቸው ስለማይቀር እነሱንም እናስገባለን ብለናል። ቤቱ «የተፈናቃይ ክፍል» የሚል ስም ከወጣለት ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሰደቡበት ሌላ ስም አገኙ ማለት ነው።

ታፔላ ላይ «አርት ቴራፒ» ብለን አንጽፍም። አርት ቴራፒ፣ ማለትም በሥዕል ማከም፣ ራሱን የቻለ፣ ሥልጠና የሚጠይቅ ሙያ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣለት አድሪያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው። ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሳናቶሪየም (ማገገሚያ ሆስፒታል) ተኝቶ ሳለ ራሱ መሣል ጀመረ፤ ኋላ አጠገቡ የተኙትንም ማሣል ያዘ። እኛ ከሙያው የምንወስደው አሠራሩን ነው፦ ቋሚ ሰዓት፣ ቋሚ ቦታ፣ ማንም የማይፈርድበት ሥራ፣ ሥዕሉን ሠሪው ካልፈለገ የማያብራራበት ክፍል። ከዚህ የከበደ ነገር ሲገጥም ሲስተር ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ትልካለች። ጸበል የሚሄድ ካለም ይሄዳል፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ ትነግረዋለች።

ትልቁ ወጪ ቁም ሳጥን ሆነ። አናጢው ጋሼ በኮምፐርሳቶ ሠርተው 7,500 ብር አስከፈሉን። ሁለት በር፣ በየበሩ ቁልፍ።

«ወረቀት ማን ይሰርቃል ብላችሁ ነው?» አሉኝ ማጠፊያውን እያሰሩ።

ሶሻል ወርከሩም ከጋሼ ጋር ወገነ። በዚያ ብር ስንት ቀለም ይገዛ ነበር አለ። እኔ ግን ጸናሁ። ከሚመጡት ውስጥ ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚያድሩ አሉ። ልጅቷ ደብተሯን የምታስቀምጥበት ቦታ የላትም። እናቷም ለብቻዋ የምታለቅስበት ጓዳ የላትም። ማንም የማይነካው አንድ መደርደሪያ ከቀለም ይቀድማል። ጋሼ የሆነ ነገር ገባቸው መሰለኝ፣ ስንወጣ ለሁለተኛው ቁልፍ ሒሳብ አልጨመሩም።

መጋቢት አጋማሽ፤ ቀለም

የሠዓሊ አክሪሊክ የሚታሰብ አይደለም። አንዷ ትንሽ ቱቦ ያላትን ዋጋ ሰምቼ ሱቁን ሳልሰናበት ወጣሁ። ስለዚህ የቤት ቀለም ገዛን፤ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም፣ አንድ ጋሎን 1,600 ብር፣ ከአራት ትናንሽ ማቅለሚያ ጋር። አቡጀዲ ላይ ቀብተን አደረቅነው። ያምራል። ጠቅልለን ስንዘረጋው ግን እንደ ቅርፊት ተሰነጣጠቀ። የቤት ቀለም የተሠራው ለማይታጠፍ ግድግዳ ነው። በቀጣዩ ሙከራ ለሁለት ጣሳ ቀለም አንድ ጣሳ የእንጨት ኮላ ጨመርን፣ ነጩን ዓይነት። አሁን ይታጠፋል። ማድረቂያ ጊዜው ረዘመ እንጂ።

ከኮላው ጋር ሌሎችንም ሞከርን፦

ቀይ አፈር በሻይ ማጥለያ አጥልለን። ጥሩ ቡናማ ወጣው። ትንሽ ይቆረቁራል፤ ልጆቹ ግን የወደዱት ያንኑ ነው። በጣታቸው ነው የሚቀቡት።

የከሰል ዱቄት። ከቡና ምድጃ የተረፈ። ነጻ ነው፤ ግን በደንብ ካልደቀቀ ኮላው ላይ ይንሳፈፋል።

እርድ። ሲቀባ ዓይን የሚያስፈዝዝ ቢጫ። መስኮቱ አጠገብ የሰቀልነው ግን ፀሐይ በላችውና ገርጥቶ ቀረ። እርድ ፀሐይ አይችልም። ለቁም ሳጥን ሥራ ብቻ።

የእንቁላል አስኳል። ጾም ነው፤ ያመጣው ሰው ራሱ አፍሮ መልሶ ወሰደው።

ግድግዳውን በተመለከተ ዘጌን አስታወስን። ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው እንደሚያውቀው መቅደሱን የሸፈነው ሥዕል በቀጥታ ጭቃው ላይ አልተሣለም። ጥጥ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነው የተሣለው። እኛም የእማማን ግድግዳ ሳንነካ አቡጀዲ እንለጥፍ አልን። በሜትር 110 ብር፣ ስምንት ሜትር። ኮላ ለመቆጠብ በፍርኖ ዱቄት ሙጫ አፍልተን ለጠፍን። ጠዋት ስንመጣ የታችኛው ጠርዝ ተቦጫጭቋል። አይጥ! ሌሊቱን ሙሉ እራቷን ስትበላ አድራለች። ዱቄቱን ቀቅለን ስላቀረብንላት ምን ታድርግ።

አላቀቅነው፣ አጠብነው፣ በእንጨት ኮላ ለጠፍነው። የታችኛውን ግማሽ ሜትር ባዶ ተውነው። እማማ አይተው «ይሄማ ልብስ ነው፣ ይወልቃል» ብለው ተረጋጉ።

መጋቢት መጨረሻ፤ ጥቁሩ ክራዮን

ልጆቹ ጀመሩ። ወረቀቱ ኤ3፣ ክራዮኑ ባለ 12።

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ሁልጊዜ በጥቁር ብቻ ይሥላል። ቤት ጥቁር፣ ዛፍ ጥቁር፣ ፀሐይ ጥቁር። ሊያግዙ የመጡ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች አይተው ተጨነቁ። አንዷ ስልኳን ከፍታ «ጥቁር ቀለም የድብርት ምልክት ነው ይላል» አለችኝ። ሲስተር ዝም ብላ ልጁ አጠገብ ቁጭ አለች። ቆይታ ተመለሰች።

«ሌላውን ቀለም ትልልቆቹ ልጆች ይወስዱበታል» አለች። «የሚተርፈው ጥቁሩ ነው።»

ተሳስቀን ተለያየን። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። ልጁ ጉልበት የለውም፤ የሚደርሰው የተረፈው ነው፤ አዋቂው ደግሞ ይህንን የልቡ ሕመም አድርጎ አነበበው። መድኃኒቱ ምርመራ አልነበረም። ክራዮን መቁጠር ነበር። ክራዮኑን ከካርቶኑ አውጥተን በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ለየልጁ አከፋፈልን፤ ለእያንዳንዱ ስድስት ቀለም። በሚቀጥለው ረቡዕ ፀሐይቱ ቢጫ ሆነች። ዛፉ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። «የተቃጠለ ዛፍ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሲስተር «እሺ» አለችው። ሌላ ምንም አላለችም።

ከዚህ በኋላ ደንብ አወጣን። ሥዕል አናነብም። «ይሄ ምንድን ነው?» አንልም፤ «ልትነግረኝ ትፈልጋለህ?» እንላለን። አልፈልግም ካለ ያበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የደረሰበትን እንዲናገር ሰውን አታስገድዱ። የዋህ አሳቢዎች ግን በዚህ ይሸወዳሉ። ካላወጣው አይድንም ይላሉ። ሰው ሆድ ይፍጀው ሲል አንዳንዴ መብቱ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ስም ላይ ነበር። ልጆቹ ስማቸውን መጻፍ ይወዳሉ፤ በትልቁ፣ ከነአባታቸው። ሲስተር ለደኅንነት ሲባል ስም አይጻፍ አለች። እኔ ደግሞ ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስን አነሳሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች ቴሬዚን በተባለ የአይሁዶች ማጎሪያ ላጎሯቸው ልጆች ሥዕል ያስተማረች ሠዓሊ ናት። ልጆቹ ሥዕላቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። እሷ እ.ኤ.አ. በ1944 አውሽቪትዝ ወደተባለው የናዚዎች መግደያ ካምፕ ተወስዳ ተገደለች፤ ከልጆቹም አብዛኞቹ። በሁለት ሻንጣ የተደበቁት 4,500 ያህል ሥዕሎች ግን ተረፉ። ስም ስላላቸው ዛሬ የማን እንደሆኑ ይታወቃል።

«የኛ ልጆች በሕይወት አሉ» አለች ሲስተር። «እነሱን ነው የምንጠብቀው።»

ሁለታችንም ልክ ነበርን። በመጨረሻ ልጁ ራሱ ምልክት ይመርጣል ተባለ። ከፈለገ የራሱን ስም ብቻ ይጽፋል፣ የአባት ስም አይጻፍም። አንዱ ቁልፍ ሣለ፣ አንዷ ጀበና፣ አንዱ የኳስ ቡድኑን አርማ። የምልክቱ መዝገብ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፤ «እኛ ሕፃን ነን?»

የእናቶች ቅዳሜ አልተሳካም። ይመጣሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ክራዮኑን አይነኩም። አንዷ በቀጥታ ነገረችኝ፦ «መምህር፣ እኛ ሕፃን ነን እንዴ? እጃችን ለዚህ አይሆንም።» ብሩሽ ሰጠናቸው፤ ልጆቻቸው የተዉትን መሥመር ሞሉበት። ሸክላ አመጣን፤ ሁለቱ ጀበና ሠርተው ሳቁ፣ ሌሎቹ ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ ሸሹ።

መውጫውን ያሳዩን ራሳቸው ናቸው። አንዷ ከቦርሳዋ የትራስ ልብስ አውጥታ እየጠለፈች ነበር፤ ክራዮኑን ከጎን አድርጋ። ዙሪያዋን ሳይ ግማሾቹ እጇን እያዩ ነው። በቃ፣ ጥልፍ!

የቺሊን ታሪክ የነገርኳቸው ያን ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በፒኖቼ የወታደር አገዛዝ ጊዜ፣ ባልና ልጅ የጠፋባቸው ሴቶች ጆንያ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ እየሰፉ የሆነባቸውን ነገር በሥዕል አወጡ። ሥራው «አርፒዬራ» ይባላል። የሳንቲያጎ ከተማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቦታ ሰጠቻቸው፣ ሽያጩም ቤተሰብ አኖረ። ብቻዋን ታለቅስ የነበረች ሴት ከሌሎቹ ጋር ተቀምጣ ስትሰፋ ነገሩ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ታያለች። ከአርት ቴራፒ ሰዎች አንዱ ወገን የሚከራከረው ይህንን ነው። ሐዘኑ ከውጭ መጥቶ ሳለ ፈውሱን የሰውየው የውስጥ ጉዳይ ብቻ አድርጎ መያዝ ጎደሎ ነው ይላሉ።

«ጆንያ ነው ያልከው?» አለች ባለ ትራሷ። «እኛ ጋማ ሞልቷል።»

ጆንያ ከእህል በረንዳ፣ አንዱ 60 ብር። ቁርጥራጭ ጨርቅ ከልብስ ሰፊዎች፣ በነጻ፣ አንድ ፌስታል ሙሉ። የጥልፍ ክር ግን ተወደደብን፤ ለአንድ ወር 1,400 ብር ወጣ። የጆንያው ሽመና ሰፊ ስለሆነ ቀጭን መርፌ ያልፍና ክሩ ይላላል። የትልቅ ጆንያ መስፊያ መርፌ ደግሞ ጥልፉን ያበላሻል። መሃከለኛ መርፌ አገኘን፤ ከሥር አቡጀዲ ደርበን ሰፋን። አሁን ይይዛል።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት «ሥዕል ምን ያድናል?» አለች፣ ለነገር ሳይሆን ከልቧ። መልሱ ከእኔ አልመጣም። ከእናቶቹ መካከል በዕድሜ የገፉት አንዲት እማማ «ክታቡስ?» አሉ። ብራና ላይ ጸሎትና ሥዕል የሚጻፍበት ጥቅልል ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር፤ ትልልቅ ዓይኖች ይሣሉበታል፣ ሕመምተኛው ያየዋል፣ ይይዘዋል። ወዲያው ክርክር ተነሳ። አንዷ «የደብተራ ሥራ ነው፣ ኃጢአት ነው» ብላ አማተበች። ሌላዋ አያቷ ይይዙት እንደነበር አወራች። እኔ አልገባሁበትም። ሥዕልና ፈውስ እዚህ አገር የተዋወቁት ከእንግሊዙ ሠዓሊ በፊት መሆኑን ግን በልቤ ያዝኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዷ ጆንያዋን በራሷ ቁመት ልክ ቆርጣ መጣች። ምንም አላለችም፤ ከእግር በኩል መጥለፍ ጀመረች።

ግንቦት፤ እንግዶች

አንድ ድርጅት ሊያግዘን መጣ። ለሦስት ወር 60,000 ብር። ኪራዩን፣ ክሩን፣ የልጆቹን ዳቦ ሁሉ ይችላል። በአንድ ሁኔታ፦ ፎቶ። ልጆቹና እናቶቹ ከነሥዕላቸው፣ ፊታቸው የሚታይ። «በፊት» እና «በኋላ» ቢሆን ደግሞ የተሻለ አሉ። የቱ ነው በፊቱ? ሲስተር ፊቷ ተለወጠ። «ጠይቀን እንመልሳለን» አልን።

እናቶቹን ጠየቅን። የመጀመሪያዋ «የሥዕሉን ያንሱ፣ የኔን አይሆንም» አለች። ሁለተኛዋ ግን፦ «የሥዕሉንም አይሆንም። ቤቴ አለበት። በሩን ያየ ያውቀዋል።»

ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ለድርጅቱ የቁም ሳጥኑንና የጠረጴዛውን ፎቶ፣ ከወጪ ዝርዝር ጋር ላክን። መልስ አልመጣም። ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽም፤ በዚያ ብር ክረምቱን እንወጣው ነበር። የግንቦት ኪራይ ከሦስታችን ኪስ ተከፈለ። የሰኔው በሶሻል ወርከሩ ዕቁብ፤ ለኛ ሲል ዕጣ ተለዋወጠ። የልጆቹ ዳቦ ወደ ቆሎ ወረደ። ከዳቦው ቆሎውን እንደሚመርጡ ያወቅነውም ያኔ ነው።

በዚሁ ወር ከጥልፉ ሌላ ነገር ተመዘዘ። ጆንያዎቹ ላይ ሦስት ሴቶች፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ፣ በር ጠልፈዋል። አንዷ በሩ ላይ ጓጉንቸር አድርጋለች። ሶሻል ወርከሩ አጠገቧ ተቀምጦ «ይሄ የድሮው ቤት ነው?» ቢላት፣ «የአሁኑ ነው፤ አከራዩ ኪራይ ሳይጨምር አልከፍትም ብሎ ቆልፎብን አድሯል» አለችው። ዙሪያውን ሁሉም ተናገሩ። አንዷ ውል የላትም። አንዷ መታወቂያ ስለሌላት ውል መዋዋል አትችልም። የአንዷ ልጅ የድሮ ሰርተፍኬቱ ስለጠፋ ትምህርት ቤት አልተመዘገበም።

ሰዎች በሥነ ልቦና እርዳታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን የእርዳታ ድርጅቶች የጋራ መመሪያ ይጠቅሳሉ፤ እርዳታውን እንደ ፒራሚድ ይደረድረዋል። ከሥር መሠረታዊ አገልግሎትና ደኅንነት፣ ቀጥሎ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ፣ ልዩ ባለሙያው ጫፉ ላይ። እኛ መሃሉ ላይ ሆነን ስንጠልፍ የሥሩ ነገር ጎድሏል። ስለዚህ የሶሻል ወርከሩ ሥራ ተለወጠ። ቅዳሜ የሰማውን ሰኞ ይዞ ቀበሌ ይሄዳል። እስካሁን ሁለት መታወቂያ ወጥቷል፣ አንድ ልጅ የምደባ ፈተና ተፈትኖ ተመዝግቧል። ኪራይ ጨማሪው ሰውዬ ግን አሁንም እንደጨመረ ነው። ሲስተር መታወቂያ ያገኘችው ሴት እንቅልፏ ተሻሽሏል ትላለች። ጥልፉ ይሁን መታወቂያው ማን ያውቃል።

ሰኔና ሐምሌ፤ ሻጋታ

ዝናቡ ጣናን ተሻግሮ ሲመጣ ቆርቆሮው ጆሮ ይነሳል። ሁለት ልጆች በጩኸቱ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ድምፅ የማይወዱ ልጆች ባሉበት ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ መምረጥ ጥሩ አልነበረም፤ ግን ሌላ ቤት የለም። የሆነ ሆኖ ከጣሪያው ሥር ጆንያ ወጥረን አሰርን። ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ቀነሰ። ዝናብ ሲጀምር አንዱ ትልቅ ልጅ «ከበሮ!» ብሎ ጠረጴዛ ይመታል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ይህኛውን ማንም አላቀደውም።

ከዚያ ሻጋታ። ቁም ሳጥኑን ግድግዳው ላይ አስጠግተን ነበር ያቆምነው። ጭቃው እርጥበቱን ለኮምፐርሳቶው፣ ኮምፐርሳቶው ለወረቀቱ አቀበለ። የታችኛው መደርደሪያ ሥዕሎች ግራጫ ነጠብጣብ አወጡ። መፍትሔ፦ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅን፣ እግሩ ሥር ብሎኬት፣ ጀርባው ላይ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ፣ በየመደርደሪያው በጨርቅ የታሰረ ከሰል። ዝናብ በሌለበት ሰዓት በሩ ተከፍቶ ይቆያል፤ ያኔ ከእኛ አንዱ እዚያው ይቀመጣል።

የሻገቱትን እኔ ልጥል ነበር። ሲስተር ከለከለችኝ። «ያንተ ናቸው?» አለች። እያንዳንዱን ልጅ ጠየቅን። አንዷ አስጣለች። አንዱ እንደነበር ይቀመጥ አለ። አንዱ ደግሞ ነጠብጣቦቹን አይቶ እግርና ጆሮ ሠራላቸው፤ በጎች ሆኑ።

ወረቀት ስላለቀና ዋጋው ስለጨመረ እምቦጭ ሞከርን። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ገበሬውንም ዓሣ አጥማጁንም ያስመረረ አረም ነው። አበባውንና ሥሩን እዚያው ትተን ግንዱን ብቻ አመጣን፤ ዘሩ ለዓመታት ስለማይሞት ተሸክሞ መዞር ሌላ ጣጣ ነው። ቆራርጠን አደረቅን። በአመድ ውሃ ግማሽ ቀን ቀቀልን። አጠብን፣ በሙቀጫ ወቀጥን፣ በሳፋ ውሃ በትነን በትንኝ መከላከያ መረብ በተወጠረ ፍሬም አጠለልን። ውጤቱ? ከአንድ ጆንያ ሙሉ እምቦጭ አምስት ቅጠል ወረቀት። ተክሉ ከዘጠና በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ጆንያው ውስጥ የተሸከምነው ጣናን ነበር። ወረቀቱም ይሰባበራል። የድሮ የፈተና ወረቀት አርሰን ግማሽ በግማሽ ብንደባልቅበት ጠነከረ። ለክራዮን ይሆናል፣ ለውሃ ቀለም አይሆንም፤ ይመጠውና ይበታተናል።

ከጊዜውና ከማገዶው አንጻር አያዋጣም። የሚገዛው ወረቀት ይረክሳል። ግን ሙቀጫውን ተዉት ስንል እናቶቹ እምቢ አሉ። ከሚያዝያ ጀምሮ ጥግ ይዛ አንድም ቃል ያልተነፈሰች ሴት አለች። ዘነዘናውን ይዛ ተነሳች። እየወቀጠች ሌሎቹን «አንቺ ደግሞ ውሃ ጨምሪ እንጂ፣ ምን ታያለሽ!» ብላ ተቆጣች። ስለዚህ በወር አንዴ እንወቅጣለን። ሒሳብ ደብተሩ ላይ «ወረቀት» በሚለው ሥር አልጻፍኩትም።

ነሐሴ፤ ሽያጭ

ፍልሰታ ገባ። እናቶቹ ቅዳሴ ስለሚያስቀድሱ ቅዳሜን ወደ ከሰዓት አዛወርን። የመጀመሪያው አጀንዳ ከእነሱ መጣ፦ እንሽጥ።

ሲስተር ፈራች። ሥራው የሕመም ማስታገሻ ሆኖ ተጀምሮ ትርፍ ሲገባበት፣ ሰው ገዢ የሚወደውን መጥለፍ ይጀምራል አለች። እውነቷን ነው። ቱሪስት የሚገዛው ታንኳና ፔሊካን ነው፤ የተቆለፈ በር አይገዛም። ሶሻል ወርከሩ ደግሞ ልጆቻቸው ደብተር ይፈልጋሉ፣ መስከረም ደረሰ፣ ምን እያልሽ ነው አላት። የሱም እውነት ነው።

መደርደሪያውን ለሁለት ከፈልነው። ላይኛው የማይሸጥ፤ ታችኛው የሚሸጥ፣ ሲጀመር ለገበያ ተብሎ የተሠራ። የዋጋ ስሌቱም አብረን ወጣ። ለአንድ መካከለኛ ሥራ ክር 130፣ ጆንያና አቡጀዲ 70፣ የእጅ ዋጋ በሰዓት 40 ብር። አሥራ አምስት ሰዓት ከፈጀ ጠቅላላው 800 ብር። «በሰዓት 40? እንጀራ ብጋግር ይሻለኛል» አለች አንዷ። 60 አደረግነው። አሁን 1,100 ብር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ካፌ ግድግዳው ላይ ሊሰቅል ገዛ። ሦስቱም ታንኳ ናቸው፤ ሲስተር እንዳለችው።

አራተኛው ግን ከላይኛው መደርደሪያ ወረደ። ባለ ጓጉንቸሩ በር። ባለቤቷ ራሷ አውርዳ ታችኛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ የማይሸጥ ነው ብለን ነበር» አለቻት ሲስተር።

«የኔ ነው አላላችሁም?»

ምን ይባላል። የሷ ነው። ሲስተር «አንድ ሳምንት አስቢበት» ብላ ለመነቻት፤ ሴትየዋ አሰበች፣ ተመልሳም «ይሸጥ» አለች። ዋጋውንም ራሷ 2,000 ብር ቆረጠች። እስካሁን ገዢ አልመጣም። ዋጋውን ቀንሺ ያላት አንድ ሰው ነበር፤ «የበር ኪራይ ስንት እንደሆነ ያውቃል?» ብላ መለሰችው።

ባለ ቁመት ልኩ ጆንያ አሁን ወገብ ደርሷል። እሱ ላይኛው ላይ ነው፤ ስለሽያጭ ሲወራ ባለቤቷ ቀና ብላም አታይም።

ለመስከረም የሚገዛ፦ ክር 1,500፣ ሁለት ጋሎን ነጭ ቀለም፣ ኮላ፣ ለልጆቹ መቀስ (ጫፉ ዱልዱም የሆነ)፣ አንድ ተጨማሪ አምፖል። የኪራዩን ግማሽ እናቶቹ ከሽያጩ እንችላለን ብለዋል፤ በሌላ በኩል ግን የሽያጩ ሒሳብ በኛ እጅ እንዳይሆን ጠየቁ። ደብተሩ ወደ ባለ ትራሷ ሴት ተላለፈ። ትናንት ለዚህ ማስታወሻ ስል ቁጥሩን እንድታሳየኝ ብጠይቃት፣ ሒሳብ የሚታየው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁሉም ባሉበት ነው አለችኝ።